ኖጋ አልተበላሸችም

ፍቅርተ በእስራኤል አገር በአሽቀሎን ከተማ፣ አቲቆት ሰፈር፣ በአንድ መዋእለ ሕፃናት የአስተማሪዋ ረዳት ነበረች። የልጆቹን አፍንጫ ትጠርጋለች፣ ጫማቸውን ታስራለች፣ ምሳ በልተው ሲጨርሱ ደግሞ ምንጣፉ ላይ ሰብስባ ተረት ታወራላቸዋለች። ተረት ስታወራ ድምፅዋ አንድ ቦታ አይቆምም። ጅቡን ከአፍንጫዋ፣ ዝንጀሮዋን ከጉሮሮዋ፣ ንጉሡን ከሆድዋ አውጥታ ስታናግራቸው አስተማሪዋ ሳትቀር የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች።

የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ባለፈ በዓመቱ፣ በጦርነቱ የታደለው የጋዝ ጭምብል ሳጥን ገና ከየአልጋው ሥር ሳይወጣ፣ ታሚር የሚባል የቴሌቪዥን ሰው ወደዚያ መዋእለ ሕፃናት መጣ። ለልጆች የሚሆን ተከታታይ ፊልም ሊሠራ ነው። ታሪኩ አራት ልጆች የተሳፈሩባት መንኮራኩር አሸዋ ብቻ በሆነች ፕላኔት ላይ ስትወድቅ የሚሆነው ነው፤ ፕላኔቷም ከአሽቀሎን በስተደቡብ ያለው የአሸዋ ክምር ነበር። ልጆቹን የሚያጅቡ ሁለት ሮቦቶች አሉ። አንዱ ራዓም ይባላል፣ በዕብራይስጥ ነጎድጓድ ማለት ነው፤ አንዷ ኖጋ ትባላለች፣ ብርሃን ማለት ነው። የራዓም ድምፅ የአንድ የቴል አቪቭ ተዋናይ ሲሆን የኖጋ ድምፅ ገና አልተገኘም። ታሚር ፊልሙ ላይ የሚሯሯጡ ሕፃናት ሊመርጥ መጥቶ የፍቅርተን ተረት እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማና ሕፃናቱን ረሳቸው።

«የምፈልገው አንቺን ነው» አላት።

ፍቅርተ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ራማት ኤሽኮል ሰፈር ወዳለው ቤታቸው እንደገባች ለእናትዋ ለእማዋይሽ ነገረቻት። እማዋይሽ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ትሠራለች። ከቀትር በኋላ ገብታ ሲመሽ ስለምትወጣ ቴሌቪዥን ለማየት ጊዜም ልምድም የላትም።

«ሮቦት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«እንደ ሰው የሚሄድ፣ እንደ ሰው የሚያወራ ማሽን ነው እማ። ኖጋ ልጆቹ ሲጠፉ መንገድ የምታሳያቸው፣ ሲፈሩ የምታጫውታቸው ጓደኛቸው ናት።»

«እንግዲያማ ጥሩ ሰው ናት» አለች እማዋይሽ።

ፍቅርተም ያሰበቻት እንደዚያው ነበር። ድምፅ በሚቀረጽበት ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ያወጣችላት ድምፅ ዝግ ያለ፣ ሳቅ ሳቅ የሚለው፣ ብዙ አውቆ ለመናገር የማይቸኩል ሰው ድምፅ ነበር። ታሚር ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ ራሱን ነቀነቀ።

«ያምራል። ግን የማንም ሊሆን ይችላል። እናትሽ ዕብራይስጥ ስትናገር እንዴት ነው የምትናገረው? እስኪ እንደ እሷ በይው።»

ፍቅርተ አንዴ ሳቅ አለችና እንደተባለችው አደረገች። እማዋይሽ ቢሮ ስትገባ እንደምትለው፣ አንገትዋን ሰበር አድርጋ፣ ቃሉን በጎንደር ዜማ እየጎተተች፣ «ስሊኻ፣ ሎ ሄቨንቲ» አለች፤ ይቅርታ፣ አልገባኝም። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ድምፅ የሚቀርጸው ሰውዬ ዓይኑን ጠረገ። ሰው አስቆ የማይደሰት የለምና እሷም ደስ አላት።

«በቃ፣ ኖጋ ይህቺ ናት» አለ ታሚር።

የኖጋ አካል ደግሞ ማሩ ነበር። ሮቦቷ ከፕላስቲክና ከስፖንጅ ተሠርታ ብር ቀለም የተቀባች ልብስ ናት፤ ውስጧ የሚገባ ቀጭንና አጭር ሰው ሲፈለግ ማሩ ተገኘ። እነፍቅርተ በፈረንጆቹ ሰማንያ አራት በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን አገሩን ከረገጠ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። አያቶቹ ከአይሁድነት ወጥተው ክርስትና ገብተው ስለነበር አይሁድነቱ አጠራጥሮ የእሱ ጉዳይ ብዙ ተመላልሶበታል። ወንድሙ ዛሬም አዲስ አበባ ሆኖ ወደ እስራኤል ለመግባት ተራ እየጠበቀ ነው። አልፎ አልፎ እማዋይሽ ቡና ትጠራዋለች።

«ውስጡ ምድጃ ነው» ይላታል በእረፍት ሰዓት የሮቦቷን ጭንቅላት አውልቆ ላቡን እየጠረገ። «ግን ደስ ይለኛል። እዚያ ውስጥ ስሆን ከየት መጣህ የሚለኝ የለም።»

የበጋው ሙቀት በረድ ሲል ፊልሙ በየሳምንቱ መታየት ጀመረ። አገሩ ወደደው። ግን ፍቅርተ በየሳምንቱ የሚሰጧትን ገጾች ባነበበች ቁጥር ልቧን አንድ ነገር ይኮሰኩሳት ያዘ። ራዓም ካርታ ያነባል፣ ኮከብ ቆጥሮ አቅጣጫ ያውቃል፣ ቀልድ ያወራል። ኖጋ ዕቃ ትሸከማለች፣ የመንኮራኩሯን ደጃፍ ትጠርጋለች፣ ቀኝ ሲሏት ወደ ግራ ትዞራለች፣ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ ይቅርታ ትጠይቃለች። ቀልዱም የሚወራው በእሷ ላይ ነው። ፍቅርተ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ነገር ታደርግ ይሆናል እያለች ጠበቀች። የሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ ኖጋ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች።

አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ ታናሽ እህቷን ኢላኒትን ከትምህርት ቤት ልትወስድ ሄደች። ኢላኒት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከበሩ ስትወጣ ፍቅርተ አየቻት። የራሷን ቦርሳ ጀርባዋ ላይ፣ የሌሎች ልጆች ቦርሳ ሁለት በትከሻዋ፣ አንድ በደረቷ አንጠልጥላ ጉልበቷን ሳታጥፍ ግትር ግትር እያለች ትራመዳለች። ከኋላዋ የሚከተሏት ልጆች «ኖጋ፣ ወደ ቀኝ» ይሏታል፤ ወደ ግራ ትዞራለች። «ስሊኻ፣ ሎ ሄቨንቲ» ትላለች በዚያው በሚጎተተው ድምፅ። ልጆቹ ይስቃሉ።

ፍቅርተ ቀርባ ቦርሳዎቹን አንድ በአንድ ከላይዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠቻቸው። ባለቤቶቹ አንስተው ሄዱ።

«ማን ነው ያሸከመሽ?»

«አፍ ኤኻድ» አለች ኢላኒት፤ ማንም። ከዚያ ወደ አማርኛዋ ተመለሰች። «እየተጫወትን ነው እኮ።»

«ራዓምን ለምን አትሆኚም?»

ኢላኒት እህቷን ሞኝ ነገር እንደጠየቀች ሰው አየቻት። «ሌሎቹ ዕጣ ያወጣሉ። እኔ ግን ያለ ዕጣ ኖጋ ነሽ አሉኝ።»

ፍቅርተ ልጂቱን በእጇ እንደያዘች ተመልሳ ገባችና የክፍሏን አስተማሪ አገኘቻት። አስተማሪዋ ወጣትና ፈገግተኛ ሴት ናት። ነገሩን ስትሰማ ፈገግታዋ አልቀነሰም።

«እኔማ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «ዓምና እኮ ኢላኒትን ለጨዋታ የሚጠራት አልነበረም። አሁን ሁሉም ይፈልጋታል። ይወዷታል።»

«ቦርሳውን ማን እንደሚሸከም አይተሻል?»

«ልጆች ናቸው፣ ፍቅርተ። ጨዋታ ነው። ደግሞ ኖጋ በጣም የምትወደድ ሮቦት ናት።»

ፍቅርተ የኢላኒትን እጅ ይዛ ወጣች። የሚሰድብ ሰው ቢሆን ኖሮ መልሳ ትሰድበው ነበር። እየሳቀ እወድሻለሁ የሚል ሰው ግን አፍ ያሲዛል። መንገዱን በሙሉ ጥርሷን ነክሳ ሄደች፤ ኢላኒት «እጄን አመምሽኝ» እስክትላት ድረስ ምን ያህል አጥብቃ እንደያዘቻት አላወቀችም።

በማግስቱ ቀረጻ ወደሚካሄድበት የአሸዋ ክምር ሄዳ ታሚርን ከሰዎቹ ነጥላ አናገረችው። የኢላኒትን ነገር ሁሉ ነገረችው። እሱ ከዓይኑ አሸዋ እየጠረገ ሰማት።

«ኖጋ ኢትዮጵያዊት ናት ያለ ማን ነው?» አላት። «ኖጋ ሮቦት ናት። ሮቦት ከየትም አይመጣም።»

«ታዲያ እንደ እናትሽ ተናገሪ ለምን አልከኝ?»

«ስለሚወደድ ነው። አገሩ በሙሉ እኮ ወዶሻል።»

«የወደዱት ተሸክማ ስትወድቅ ነው። አንድ ቀን መንገዱን እሷ ታግኘው። ራዓም ይሳሳት።»

«ራዓም ከተሳሳተ ልጆቹ ግራ ይገባቸዋል።»

«ኖጋ ስትሳሳት ግን ግራ አይገባቸውም ማለት ነው።»

ታሚር ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፍቅርተን ይበልጥ ያናደዳትም ይኸው ነው። እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ የመጨረሻው ክፍል የኖጋ እንደሚሆን፣ ጀግናዋ እሷ እንደምትሆን ቃል ገባላት። ፍቅርተም አመነችው።

የመጨረሻው ክፍል ገጾች ሲመጡላት ቀረጻው ክፍል በር ላይ ቆማ አነበበቻቸው። የአሸዋ ማዕበል ይነሳል። ራዓም ኃይሉን ጨርሶ ይቆማል። ኖጋ አራቱን ልጆች በጀርባዋ አዝላ ማዕበሉን ታቋርጥና መንኮራኩሯ ዘንድ ታደርሳቸዋለች። ከዚያ የራሷን ባትሪ ከደረቷ ነቅላ ለራዓም ትሰጠዋለች። ራዓም ተነስቶ መንኮራኩሯን ያበራል፤ ልጆቹ በመስኮት እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ኖጋ አሸዋው ላይ ትቀራለች። የመጨረሻ ቃሏም ተጽፏል፦ «አትዘኑ። እኔ ማሽን ነኝ። የተሠራሁት ለዚሁ ነው።»

ፍቅርተ ታላቅ እህት ነበረቻት፣ ሀረጓ የምትባል። ወደ ሱዳን ሲወርዱ ኢላኒት አራስ ነበረች፤ እናታቸው ታማ ስለነበር ሕፃኗን መንገዱን በሙሉ ያዘለቻት ሀረጓ ናት። ከኢላኒት በላይ ደግሞ ዱቄቱን፣ የውኃውን ጀሪካን ትሸከም ነበር። ሱዳን የስደተኞች ሰፈር እንደደረሱ ሀረጓ በንዳድ ወደቀች። አልተነሳችም። ሊያጽናናት የመጣ አንድ ሽማግሌ ለእማዋይሽ «አይዞሽ፣ እሷ ሕፃኗን ለማድረስ የተፈጠረች ናት፣ አድርሳለች» አላት። እማዋይሽ ያን ጊዜ የመለሰችለትን ፍቅርተ መቼም አትረሳውም። «ልጄ የተፈጠረችው ለመኖር ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ ስለ ሀረጓ በቤታቸው ተወርቶ አያውቅም።

ፍቅርተ ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ ሌላውን ሁሉ አነበበች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ገጹን አስቀመጠችው።

«ይህን አልልም።»

«ጀግና ናት እኮ» አለ ታሚር በመስታወቱ ማዶ። «ልጆች ያለቅሱላታል።»

«ባያለቅሱላት ይሻላል። ይዘዋት ይሂዱ። መንኮራኩሯ ውስጥ ቦታ የለም?»

«አንድ መስመር ነው፣ ፍቅርተ።»

«እስከ ዛሬ ያላችሁኝን ሁሉ ብያለሁ። ይህን አልልም።»

«እንግዲያው የሚለው ሌላ ሰው ይፈለጋል» አለ ታሚር፤ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ።

ኮቷን ይዛ ወጣች። ማሩ ውጭ ተቀምጦ ሲጋራ ያጨስ ነበር።

«አንድ መስመር ነበር» አላት እሱም።

«አንተስ ልብሱን አውልቀህ ብትጥለው ምን አለ?»

«ተይኝ። የእኔ ስም በክፉ ከተነሳ ወንድሜ ላይ ይመጣል። አንቺ ዘመድሽ ሁሉ እዚህ ነው።»

ፍቅርተ ሳትሰናበተው ሄደች። እሱ የተናገረው እውነት መሆኑ ንዴቷን አላበረደውም፤ ጭራሽ አባሰው። ለእናትዋም ሥራው አልቋል ብቻ አለቻት።

በሃኑካ፣ በአይሁድ የመብራት በዓል፣ ሰሞን የፊልሙ ሰዎች የመጨረሻውን ክፍል በመድረክ ሊያሳዩ ማትናስ ወደሚሉት የሰፈሩ ባህል ማእከል አዳራሽ መጡ። ኢላኒት ካልሄድኩ ብላ ምግብ አልበላም አለች። ፍቅርተ አይሆንም አለች። እማዋይሽ ግን የእረፍት ቀኗ ነበርና ሻሿን አስራ ተነሳች።

«ልጂቱ ምን አጠፋች? እኔም ብሆን ያንቺን ሮቦት አንድ ቀን አይቼው አላውቅ። እንሂድ።»

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የአበሻ ቤተሰቦች እንደ ልማዳቸው በዳር በኩል ተደርድረዋል። እነፍቅርተ መተላለፊያው አጠገብ ተቀመጡ። ከተቀመጡበት ቦታ መጋረጃው ጀርባ ያለው ይታያል፤ አንዲት ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ወጣት ማይክሮፎን ይዛ ከወረቀት ታነባለች። አዲሷ የኖጋ ድምፅ እሷ ናት። የጎንደርን ዜማ ሰምታ ሳይሆን ፍቅርተን ሰምታ የቀዳች በመሆኗ ሁሉንም ነገር ታበዛዋለች፤ የሚጎተተውን ይበልጥ ትጎትተዋለች፣ የሚሰበረውን ትሰባብረዋለች። ሰዉ በያንዳንዱ ቃል ይስቃል።

እማዋይሽ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ቆየች።

«ይህ ድምፅ ያንቺ አይደለም» አለች።

«አይደለም እማ።»

«የማን ነው?»

መድረኩ ላይ ኖጋ ተደናቅፋ ወደቀችና «ስሊኻ፣ ሎ ሄቨንቲ» አለች። አዳራሹ ፈነዳ።

«የኔ ነው» አለች እማዋይሽ ቀስ ብላ። «ፖስታ ቤት ስገባ የምለው ነው። ይህ ሁሉ ሰው የሚስቀው በዚህ ነው?»

«አዎ እማ» አለች ፍቅርተ። ፊቷ እሳት ሆነ።

ማዕበሉ መጣ፤ ነፋስ የሚያነፍሰውን ማሽን አስነሱት። ማሩ በብር ልብሱ ውስጥ ጎብጦ ልጆቹን ተራ በተራ በጀርባው አዝሎ አሻገረ። የአዳራሹ ሕፃናት ጸጥ አሉ። ባትሪውን ከደረቱ ነቀለ። ከመጋረጃው ጀርባ ያ ድምፅ በድምፅ ማጉያው ወጣ፦ «አትዘኑ። እኔ ማሽን ነኝ። የተሠራሁት ለዚሁ ነው።»

እማዋይሽ ብድግ አለች። «ሎ ናኾን» አለች፤ ልክ አይደለም። አልጮኸችም፤ ግን ዝምታ ነበርና ሁሉም ሰማት። «ሎ ናኾን። እንዲህ አይባልም። ማንም ለዚህ አልተሠራም።» ያላት ዕብራይስጥ ይኸው ነው፣ በዚያው በምትናገርበት ዜማ ተናገረችው።

ሰዉ ዞሮ አያት። ድምፁ የኖጋ ድምፅ ነበር። የትርኢቱ ክፍል መሰላቸውና ሳቁ። አንዳንዶች አጨበጨቡ።

ፍቅርተ ተነስታ እናትዋን ክንዷን ያዘቻት። በሕይወቷ እንደዚያ ተናዳ አታውቅም። እናትዋ በእውነት ስትናገር፣ ከአንጀቷ ስትናገር፣ ይስቃሉ። ምን ብትል ነው የሚሰሟት?

መድረኩ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ወጣት ጽሑፏን ቀጠለች፤ «ራዓም፣ ባትሪውን ውሰድ» አለች። ኖጋ ግን ባትሪውን አልሰጠችም። እጆቿን ጥላ ዝም ብላ ቆመች። ድምፁ ደገመው፤ ኖጋ አልተንቀሳቀሰችም። ታሚር ከዳር ሆኖ በእጁ ምልክት ይሰጣል። ራዓም እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ማሩ ሁለት እጆቹን አንስቶ የሮቦቷን ጭንቅላት አወለቀ።

ፊቱ በላብ ታጥቧል። አንድ ሕፃን አለቀሰ። ማሩ ሰዎቹን ሁሉ አልፎ ወደ ዳር ተመለከተና በአማርኛ «እትዬ እማዋይሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ጭንቅላቷን መድረኩ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ፣ በብር ልብሱ እየተንቋቋ ደረጃውን ወርዶ አጠገባቸው መጣ።

እማዋይሽ ሻሿን ፈታ ሰጠችው። «ፊትህን ጥረግ ልጄ» አለችው። «ብርድ ይመታሃል።»

አራቱ ተያይዘው ወጡ። ከኋላቸው የወንበር ድምፅ ሰሙ፤ በዳር በኩል ያሉት ቤተሰቦች አንዱ ከሌላው ኋላ ልጆቻቸውን እየያዙ ተነሡ።

ታሚር ከደጃፉ ደረሰባቸው። ፊቱ ነጥቷል። የሚለው ብዙ ሳይኖረው አልቀረም፣ ከአፉ የወጣው ግን «ልብሱ የኛ ነው» የሚል ነበር። ማሩ እዚያው፣ ከባሕሩ በሚመጣው የክረምት ነፋስ ውስጥ፣ ደረቱን፣ ክንዶቹን፣ እግሮቹን አንድ በአንድ ፈትቶ አግዳሚው ላይ ደረደረለትና በካናቴራ ብቻ ቀረ። ፍቅርተ ኮቷን አለበሰችው።

ከዚያ በኋላ ማሩን ለሥራ የጠራው የለም፤ ዳቦ ቤት ገባ። የወንድሙ ጉዳይ አልከፋም፣ አልተሻለምም፤ ያው ተራ ነው። የመጨረሻው ክፍል አስቀድሞ ተቀርጾ ስለነበር በቴሌቪዥን ታየ፤ እማዋይሽ ቤት ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም። ኢላኒት ቦርሳ አልሸከምም አለች። ለብዙ ጊዜ ለጨዋታ የሚጠራት ጠፋ፤ በእረፍት ሰዓት ብቻዋን አጥሩ ላይ ትቀመጥ ነበር። ማታ ማታ ታለቅሳለች። ፍቅርተ ልክ ነው ያደረግሽው ብትላትም ልጂቱ ልክ መሆኑ ምን እንደሚያደርግላት አልገባትም።

ዓርብ ዓርብ የሚወጣው የከተማው ጋዜጣ ስለ ሃኑካው ትርኢት ጽፎ ነበር። ፍቅርተ ጋዜጣውን መደብሩ በር ላይ ቆማ አነበበችው። ሕፃናቱ እንደተደሰቱ፣ ነገር ግን ተወዳጇ ኖጋ በድንገት ስለተበላሸች ትርኢቱ ሳያልቅ እንደተቋረጠ ይናገራል። «ታካላ» ብለውታል፤ የቴክኒክ ብልሽት። ስለተነሡት ቤተሰቦች አንድ ቃል የለም።

ቤቷ ገብታ ስልኩን አነሣች። ጋዜጣው ቢሮ ደውላ አንዲት ሴት አገኘች።

«ብልሽት አልነበረም» አለቻት ፍቅርተ። «ውስጧ ሰው ነበር። ሰውየው አውልቆ ወጣ። ለምን እንደወጣም ልነግርሽ እችላለሁ።»

«ሰውየው ማን ይባላል?»

ፍቅርተ የማሩን ወንድም አሰበች። «ስሙን ከፈለገ ራሱ ይነግራችኋል። የእኔን ጻፊ። ፍቅርተ እባላለሁ። የኖጋ ድምፅ እኔ ነበርኩ።»

በስልኩ ውስጥ የሴትዮዋ ድምፅ ባንዴ ሞቀ። «አንቺ ነሽ? ልጄ እኮ ታብድላታለች። እስኪ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ እንደ ኖጋ በዪልኝ።»

እማዋይሽ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ የልጇን ፊት ታያለች። ፍቅርተ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረችው።

«እስክሪብቶ ይዘሻል?» አለች። «ጻፊ።» ከመጀመሪያውም ጀመረችላት።